በቱርክኛ ‹በእሱ ቤት› ሲባል ያቺ ‹ን› ከየት መጣች? የስም ሙያዎችና የባለቤትነት ቅጥያዎች

ሳድስ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ስለ ቱርክኛ የስም ቅጥያዎች ነው። ‹ኤቭ› ቤት ነው፣ ‹ኤቭዴ› ቤት ውስጥ፣ ‹ኤቪ› ደግሞ ቤቱ፣ ማለትም የእሱ ቤት። ታዲያ ‹በእሱ ቤት› ለማለት ‹ኤቪዴ› ይሆናል ስል ‹ኤቪንዴ› ነው ተባለ። ‹በቤቴ› ግን ‹ኤቪምዴ› ብቻ ነው፣ ምንም ጣልቃ አልገባበትም። ሁለተኛ፣ ‹የትምህርት ቤቱ በር› ለማለት ‹ኦኩሉን ካፕእ› ብል ለምን ስሕተት ይሆናል? ‹የ›ን በ‹ኡን› ተክቻታለሁ፣ ምን ቀረ? ሦስተኛ፣ የትኛው ግሥ የትኛውን ቅጥያ እንደሚፈልግ ማወቂያ መንገድ ካለ ንገሩኝ።

አንካራ06
ለሳድስ፦ መጀመሪያ በአጻጻፉ እንስማማ፣ አለበለዚያ ኋላ እንደበላለቃለን። የቱርክኛዋ ነጥብ አልባ አናባቢ የእኛው ‹እ› ናት፤ ‹ብር› ስንል በ‹ብ› እና በ‹ር› መካከል የምትሰማው። የእኛ ሳድስ ፊደል ግን አንዴ አናባቢ አለው፣ አንዴ የለውም። ስለዚህ አናባቢዋ ባለችበት ሁሉ ‹እ›ን ለብቻዋ እንጻፋት፤ ራስሽ ‹ካፕእ› ብለሽ እንደጻፍሽው። ከንፈር ክብ ተደርጎ ‹ኤ› ሲባል የሚወጣውን ድምፅ ‹ኦ°›፣ ከንፈር ክብ ተደርጎ ‹ኢ› ሲባል የሚወጣውን ‹ኡ°› እላለሁ። ለስላሳዋን ‹ግ› በጽሑፍ አስቀምጣታለሁ፣ ስትነገር ግን ከፊቷ ያለውን አናባቢ ከማስረዘም በቀር ድምፅ የላትም።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ‹ቤቶቻችንን› የሚለውን ቃል ቆርጣችሁ እዩት፦ ቤት + ኦች + ኣችን + ን። ግንድ፣ ብዛት፣ ባለቤት፣ ተሳቢ። ቱርክኛው ‹ኤቭሌሪሚዚ› ነው፦ ኤቭ + ሌር + ኢሚዝ + ኢ። ያው ግንድ፣ ያው ብዛት፣ ያው ባለቤት፣ ያው ተሳቢ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሰልፍ ከቤቱ ይዞት ነው የሚመጣው፤ እንደ አዲስ መሸምደድ የለበትም።

መንገዱ የሚለየው ከተሳቢው ውጪ ባሉት ሙያዎች (ስሙ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለውን ሥራ በሚያሳዩት) ላይ ነው። እኛ ‹ከ›፣ ‹በ›፣ ‹ለ›፣ ‹የ›ን ከቃሉ ፊት እናቆማለን። ቱርክኛ ሁሉንም በ‹ን› ቦታ፣ ከመጨረሻ ያስገባቸዋል። ‹ከቤቶቻችን› ስለዚህ ‹ኤቭሌሪሚዝዴን› ነው። በአእምሯችሁ ‹ከ›ን ከፊት ነቅላችሁ ‹ን› በምትቆምበት ስፍራ ትከሏት፣ አለቀ።

ቅጥያዎቹ እነዚህ ናቸው። ተሳቢ ‹እ› (ኢ፣ ኡ፣ ኡ°)። ወደ እና ለ፣ ‹አ› (ኤ)። በ፣ ውስጥ፣ ላይ፣ ‹ዳ› (ዴ)። ከ፣ ‹ዳን› (ዴን)። የ፣ ‹እን› (ኢን፣ ኡን፣ ኡ°ን)። ስድስተኛው ባዶው ስም ነው፣ ባለቤት ሲሆን ምንም አይጨመርበትም። በቅንፍ ያሉት ሌሎች ቅጥያዎች አይደሉም፣ የቃሉ የመጨረሻ አናባቢ የሚመርጣቸው መልኮች ናቸው። ሁለት መልክ ላላቸው፦ ቃሉ በአ፣ እ፣ ኦ ወይም ኡ ካበቃ ‹አ› ያለበት፣ በኤ፣ ኢ፣ ኦ° ወይም ኡ° ካበቃ ‹ኤ› ያለበት። ኢስታንቡልዳ፣ ኢዝሚርዴ፣ አዲስ አበባዳ። አራት መልክ ላላቸው፦ ከአ እና እ በኋላ እ፤ ከኤ እና ኢ በኋላ ኢ፤ ከኦ እና ኡ በኋላ ኡ፤ ከኦ° እና ኡ° በኋላ ኡ°።

ስለ ‹ን› ፊደለኛ ቢመልስ ይሻላል፣ እሱ በደንብ ያብራራታል።

ፊደለኛ
እሺ። ያቺ ‹ን› የምትገባው በአንድ ቦታ ላይ ነው ብላችሁ ያዙ፦ የሦስተኛ መደብ የባለቤትነት ቅጥያ (‹የእሱ፣ የእሷ፣ የእነሱ› የሚለው) ካለና ከእሱ በኋላ የሙያ ቅጥያ ከመጣ። በመጀመሪያና በሁለተኛ መደብ አትገባም። ለዚህ ነው ‹ኤቪምዴ› (በቤቴ) ያለ ‹ን› የሆነው፣ ‹ኤቪንዴ› (በእሱ ቤት) ግን ከ‹ን› ጋር፦ ኤቭ + ኢ + ን + ዴ።

ብዙ ሰው ይህችን ‹ን› ሁለት አናባቢ እንዳይጋጭ የገባች ድልድይ ያደርጋታል። አይደለችም። ‹ኤቪ› እና ‹ዴ› መካከል የሚጋጭ አናባቢ የለም፤ ‹ዴ› በተነባቢ ነው የሚጀምረው። ድልድይ ብትሆን ኖሮ ‹ካፕእዳ› (በሩ ላይ) የሚለውም ‹ካፕእንዳ› በሆነ ነበር። እውነተኛ ዘመዷን ማየት ከፈለጋችሁ ተውላጠ ስሞቹን እዩ፦ ‹ኦ› እሱ ነው፣ ‹በእሱ ላይ› ግን ‹ኦንዳ› እንጂ ‹ኦዳ› አይደለም (‹ኦዳ› ክፍል ነው)። ‹ቡ› ይህ፣ ‹ቡንዳ› በዚህ። ቅጥያው ‹የእሱ› የሚለውን ሐሳብ ሲይዝ የተውላጠ ስሙን ‹ን›ም አብሮ ይዞ ይሄዳል። ‹ቤኒምኪ› (የእኔው) ላይም ያው ነው፣ ተሳቢ ሲሆን ‹ቤኒምኪኒ›።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ። ‹ኤቪንዴ› ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ‹በእሱ ቤት›፣ ኤቭ + ኢ + ን + ዴ። ሌላው ‹በቤትህ›፣ ኤቭ + ኢን + ዴ። ድምፁ አንድ፣ ስፌቱ ሁለት። በአናባቢ የሚያልቅ ቃል ላይ ግን ይለያሉ፦ መኪና ‹አራባ› ነው፣ ‹በመኪናህ› ‹አራባንዳ›፣ ‹በመኪናው (በእሱ)› ‹አራባስእንዳ›። ‹ኤቪንዴ› ሲያሻማ ቱርኮች ‹ሴኒን› (ያንተ) ወይም ‹ኦኑን› (የእሱ) የሚለውን ከፊት ይጨምራሉ።

ይህ አሻሚነት ለእኛ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ‹ቤቱን ሸጠ› ስንል የራሱን ቤት ነው ወይስ ያን የምናውቀውን ቤት? ዓረፍተ ነገሩ ብቻውን አይነግረንም። በቱርክኛም ‹ኤቪ› ብቻውን ‹የእሱ ቤት› ወይም ‹ቤቱን› ነው። በአናባቢ በሚያልቁት ላይ ግን ጥርት ይላል፦ ‹ካፕእይእ› በሩን፣ ‹ካፕእስእ› የእሱ በር። በመካከል ‹ይ› ካያችሁ ሙያ ነው፣ ‹ስ› ካያችሁ ባለቤትነት ነው።

ሳድስ
‹ኤቪንዴ› ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ‹ኤቭሌሪ› ግን? አንዴ ‹ቤቶቹ›፣ አንዴ ‹ቤታቸው› ተብሎ ሲተረጎም አያለሁ።

ፊደለኛ
አራቱንም ነው፦ ቤቶቹን፣ የእሱ ቤቶች፣ የእነሱ ቤት፣ የእነሱ ቤቶች። ምክንያቱ ‹ሌር› ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አይገባም። ‹የእነሱ› የሚለው ቅጥያ ራሱ ‹ሌሪ› ነው፣ ብዛቱ ሲጨመር ‹ኤቭሌርሌሪ› መሆን ነበረበት፣ ቋንቋው ግን አንዷን ይውጣታል። ለመለየት ‹ኦንላርእን ኤቪ› በሉ፦ ብዛቱ በባለቤቱ ላይ ስለታየ ቤቱ አንድ መሆኑ ይታወቃል።

ቅጥያ
ለሁለተኛው ጥያቄ። የሳድስ ‹ኦኩሉን ካፕእ› ብዙ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚሳሳቱት ስሕተት ነው፣ ምንጩም ግልጽ ነው። በእኛ ‹የ› አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትቆማለች፣ ባለቤቱ ላይ። በቱርክኛ ባለቤቱም ንብረቱም ምልክት ይይዛል፦ ‹ኦኩሉን ካፕእስእ›፣ ቃል በቃል ‹የትምህርት ቤቱ በሩ›። ሁለተኛውን ከጣላችሁ ዓረፍተ ነገሩ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሰሚው የሚመጣውን ይጠብቃል።

ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። አንዲቷ ‹የ› በቱርክኛ ሦስት ቦታ ትከፈላለች፣ እዚህ ላይ ጊዜ ወስዶ መቀመጥ ያስፈልጋል።

‹የትምህርት ቤቱ በር›፣ የታወቀ፣ የተወሰነ ትምህርት ቤት፦ ኦኩሉን ካፕእስእ። ሁለቱም ምልክት አላቸው።

‹የትምህርት ቤት በር›፣ የበር ዓይነት፣ ትምህርት ቤቱ የትኛው እንደሆነ ጉዳይ ያልሆነበት፦ ኦኩል ካፕእስእ። የመጀመሪያው ባዶ፣ ሁለተኛው ብቻ ምልክት አለው።

‹የብረት በር›፦ ዴሚር ካፕእ። ሁለቱም ባዶ። ብረት የተሠራበትን ነገር ስለሚናገር እንደ ቅጽል ይቆጠራል።

‹ቾጁጉን ኪታብእ› የልጁ መጽሐፍ ነው፣ ባለቤት ያለው። ‹ቾጁክ ኪታብእ› የልጆች መጽሐፍ ነው፣ ለልጆች የተጻፈ፣ መደርደሪያ ላይ ያለ። የሁለቱ ልዩነት አንዲት ‹ኡን› ናት፣ እሷን መጣል ባለቤቱን መጣል ነው። የመንገድ ምልክቶችና የመሥሪያ ቤት ስሞች አብዛኞቹ በሁለተኛው ዓይነት የተሠሩ ናቸው። የብርቱካን ጭማቂ ‹ፖርታካል ሱዩ›፣ ቃል በቃል ‹ብርቱካን ውኃው›። የቱርክ አየር መንገድ ስም ‹ቱ°ርክ ሃቫ ዮልላርእ› ነው፦ ዮል (መንገድ) + ላር + እ። ያቺ የመጨረሻ ‹እ› የባለቤትነት ምልክት ስለሆነች የሙያ ቅጥያ ሲመጣ ‹ን› ትጠራለች፦ ‹ወደ ቱርክ አየር መንገድ› ‹ቱ°ርክ ሃቫ ዮልላርእና›። በ1932 የተቋቋመው የቱርክ ቋንቋ ተቋም ስሙ ‹ቱ°ርክ ዲል ኩሩሙ› ነው፣ ‹በተቋሙ› ‹ኩሩሙንዳ›። ተቋሙ ራሱ ባወጣው የአጻጻፍ ሥርዓት ለሰውና ለከተማ ስም ከቅጥያው በፊት ከላይ የምትቀመጥ ጭረት (’) ይደረጋል፣ ለመሥሪያ ቤት ስም ግን አይደረግም። ፈተና ላይ የሚቆረጥባችሁ ነጥብ ይህ ነው።

ጀማሪው
ቅጥያ፣ ጥያቄ አለኝ። መኝታ ቤት ‹ያታክ ኦዳስእ› ከሆነ፣ ‹መኝታ ቤቴ› ‹ያታክ ኦዳስእም› ነው ማለት ነው?

ቅጥያ
አይደለም፣ ‹ያታክ ኦዳም› ነው። አንድ ስም ሁለት የባለቤትነት ቅጥያ አይሸከምም። ‹ስእ› ትወጣና በቦታዋ ‹ም› ትገባለች። ብዛትም ሲመጣ እንዲሁ ውስጥ ይገባል፦ ‹ያታክ ኦዳላርእ›፣ ‹ኦዳስእላር› አይባልም። ሰልፉን አስታውሱ፦ ግንድ፣ ብዛት፣ ባለቤት፣ ሙያ። የባለቤትነቱ ቅጥያ የጥንድ ስሙ አካል ቢመስልም ከብዛቱ በፊት አይሰለፍም።

ሌላ የሚከብደው ሰንሰለቱ ነው። ‹በጓደኛዬ እናት ቤት›፦ አርካዳሽእምእን አንኔሲኒን ኤቪንዴ። ቀስ ብላችሁ ፍቱት። አርካዳሽ (ጓደኛ) + እም (የእኔ) + እን (የ)። አንኔ (እናት) + ሲ (የእሱ ወይም የእሷ) + ን + ኢን (የ)። ኤቭ (ቤት) + ኢ (የእሷ) + ን + ዴ (በ)። እያንዳንዱ ባለቤት ‹የ› ይይዛል፣ እያንዳንዱ ንብረት ‹የእሱ› ይይዛል፣ መካከለኛዋ እናት ሁለቱንም ስለሆነች ሁለቱንም ትይዛለች። የሙያ ቅጥያው ‹ዴ› በመጨረሻው ቃል ላይ ብቻ ነው። ለመሥራት ከመጨረሻው ጀምሩ፦ መጀመሪያ ‹ቤቷ›ን፣ ከዚያ ‹በ›ን፣ ከዚያ ወደ ኋላ።

እግረ መንገዴን፦ ‹መኪና አለኝ› ስንል እኛ ባለቤቱን ግሡ ላይ እናስቀምጣለን። ቱርክኛ ስሙ ላይ ያስቀምጠዋል፦ ‹አራባም ቫር›፣ ‹መኪናዬ አለ›። ‹አሊ መኪና አለው› ‹አሊኒን አራባስእ ቫር›። ‹ቤን አራባ ቫር› ከማለት ተጠበቁ።

አንካራ06
ቅጥያው ሲገባ ግንዱ ራሱ የሚለወጥባቸውን እኔ ልጨምር። ቃሉ በፍ፣ ስ፣ ት፣ ክ፣ ች፣ ሽ፣ ህ ወይም ፕ ካበቃ ‹ዳ› ወደ ‹ታ› ይጠነክራል። ቱርክ ተማሪዎች ስምንቱን ‹ፍእስትእክችእ ሻሃፕ› (ኦቾሎኒ ሻጩ ሻሃፕ) በሚል ይይዟቸዋል። ቶካትታ፣ ሲኖፕታ፣ ጋዚአንቴፕቴ።

በተቃራኒው በአናባቢ የሚጀምር ቅጥያ ሲመጣ ፕ፣ ች፣ ት፣ ክ ይላላሉ፦ ኪታፕ፣ ኪታብእ፤ አጋች (ዛፍ)፣ አጋጅእ፤ ቾጁክ፣ ቾጁጉ። በተነባቢ ለሚጀምር ቅጥያ ግን አይነኩም፦ ኪታፕታ፣ ቾጁክታ።

ጀማሪው
እንግዲያው ‹ክ› ሁልጊዜ ለስላሳ ‹ግ› ትሆናለች፣ ‹ት› ሁልጊዜ ‹ድ› ትሆናለች ብለን እንያዘው።

ፊደለኛ
እንደዚያ ብለህ አትያዘው ወንድሜ፣ ብዙ ያሳስትሃል። ባለ አንድ ክፍለ ቃል ስሞች አብዛኞቹ አይለወጡም፦ አት (ፈረስ) አትእ፣ ሳች (ፀጉር) ሳችእ፣ ኢፕ (ገመድ) ኢፒ። ከእነሱ መካከል ደግሞ የሚለወጡ አሉ፦ ኩርት (ተኩላ) ኩርዱ፣ ካፕ (ዕቃ፣ ሳህን) ካብእ። ‹ት› በተለይ ረጅም ቃል ላይም እንቢ ትላለች፦ ቢሌት ቢሌቲ ነው፣ ሴፔት (ቅርጫት) ሴፔቲ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ስም ከተሳቢው ጋር ጥንድ አድርገህ አጥና፣ ‹ኪታፕ፣ ኪታብእ›፣ ‹ቢሌት፣ ቢሌቲ› እያልክ። ጥሩ መዝገበ ቃላት ይህንኑ በቅንፍ ያስቀምጠዋል። የሰው ስም ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ፦ ‹አህሜት› ተሳቢ ሲሆን አፍ ‹አህሜዲ› ይላል፣ ጽሕፈት ግን ‹ት›ን ይጠብቃል።

ሁለት ተጨማሪ ነገር። አንዳንድ ስሞች አናባቢ ይጥላሉ፦ ሼሂር (ከተማ) ሼህሪ፣ ቡሩን (አፍንጫ) ቡርኑ፣ አክእል አክልእ። ‹አክእል› የእኛ ‹አቅሉን ሳተ› ከሚለው ‹አቅል› ጋር ምንጩ አንድ ነው፣ ዐረብኛ። ‹ሼሂርዴ› ላይ ግን አናባቢው ይመለሳል። ከዐረብኛ የመጡ አጫጭር ቃላት ደግሞ ያጠብቃሉ፦ ሃክ (መብት) ሃክክእ፣ ስእር (ምስጢር) ስእርርእ። ፊደልን ማጥበቅና ማላላት ለለመደ የእኛ ጆሮ ይህ ቀላል ነው፤ የሚከብደን መጻፉ ነው፣ በቱርክኛ የጠበቀው ፊደል ሁለቴ ይጻፋልና።

‹ሳአት› (ሰዓት) በ‹አ› ቢያልቅም ‹ሳአቲ፣ ሳአትቴ› ነው። ‹ካልፕ› (ልብ) ‹ካልቢ›። እነዚህ የአናባቢውን ሕግ አይታዘዙም፣ እንዲሁ ይጠናሉ። ‹ሱ› (ውኃ) ‹ሱሱ› ሳይሆን ‹ሱዩ›።

ሳድስ
ግሦቹ ቀሩኝ።

ቅጥያ
ለዚያ አንድ ወጥ ሕግ የለም እህቴ፣ ግን በአማርኛው ‹ን› የምንይዛቸውንና ቱርክኛ ሌላ የሚሰጣቸውን ብቻ ለይቶ መያዝ ሥራውን በጣም ያቃልላል። የተቀሩት አብዛኞቹ ይገጥማሉ።

መጠየቅ። ‹መምህሩን ጠየቅኩት› ብለን ‹ኦ°ግሬትሜኒ ሶርዱም› ካልን ‹ስለ መምህሩ ጠየቅኩ፣ የት ነው አልኩ› ማለት ይሆናል። የሚጠየቀው ሰው ‹ወደ/ለ› ይወስዳል፦ ‹ኦ°ግሬትሜኔ ሶርዱም›። ተሳቢ የሚሆነው ጥያቄው ነው።

መርዳት። ‹እናቴን ረዳኋት› ‹አንኔሜ ያርድእም ኤትቲም›፣ ‹ለእናቴ› እንደማለት። ማመስገንም እንዲሁ፣ ‹ለ› ነው።

መምታት። እዚህ ስሕተቱ አደገኛ ነው። ‹ህእርስእዛ ቩርዱ› ሌባውን መታው። ‹ህእርስእዝእ ቩርዱ› ሌባውን ተኩሶ መታው። አንዲት አናባቢ ዱላን ጥይት ታደርጋለች።

መፍራት። ‹ውሻውን ፈራ› ‹ኮ°ፔክቴን ኮርክቱ›፣ ከውሻው። መጥላትና መውደድን የሚናገሩ አንዳንድ ግሦችም (‹ኔፍሬት ኤትሜክ›፣ ‹ሆሽላንማክ›) ‹ከ› ይወስዳሉ፤ ተራው ‹ሴቭሜክ› (መውደድ) ግን እንደ እኛ ተሳቢ ነው።

ማግባት። ‹አሊን አገባች› በተሳቢ አይሆንም፦ ‹አሊ ኢሌ ኤቭሌንዲ›፣ ከአሊ ጋር። መጀመር። ‹ትምህርቱን ጀመረ› ‹ዴርሴ ባሽላድእ›፣ ወደ ትምህርቱ። መሳፈር ‹ወደ› ነው፣ መውረድ ‹ከ›፦ ኦቶቡ°ሴ ቢንዲ፣ ኦቶቡ°ስቴን ኢንዲ።

የእኛ ‹በ› ላይም ተጠንቀቁ። ‹በአውቶቡስ መጣሁ› ‹ኦቶቡ°ስቴ› አይደለም፤ እሱ አውቶቡሱ ውስጥ መሆን ነው። መሣሪያ ሲሆን ‹ላ› ወይም ‹ሌ›፦ ኦቶቡ°ስሌ። በአንጻሩ ‹ከ› ማወዳደሪያ ስትሆን ያለ ችግር ታልፋለች፦ ‹አሊዴን ኡዙን›፣ ከአሊ ይረዝማል።

አንካራ06
ቅጥያ፣ ተሳቢው ላይ አንድ ነገር ልጨምርልህ። ‹ኪታፕ ኦኩዱም› መጽሐፍ አነበብኩ፣ ‹ኪታብእ ኦኩዱም› መጽሐፉን አነበብኩ። ያልታወቀው ነገር ምልክት አይይዝም፣ የታወቀው ይይዛል። እኛም እንደዚሁ ነን። ብዙ የአውሮፓ ቋንቋ ተናጋሪ ወራት የሚታገልበትን ይህን ነጥብ በአማርኛችሁ እመኑት፤ በአማርኛ ‹ን› የማትሉበት ቦታ ላይ በቱርክኛም አትጨምሩ። ከላይ ቅጥያ እንደዘረዘራቸው ያሉ ግሦች ግን ከዚህ ይወጣሉ።

ታሽኬንት
ኡዝቤክኛ ለሚማሩ ትንሽ ልጨምር፣ ሰልፉ ያው ነውና። ቤት ‹ኡይ› ነው። በቤቱ (በእሱ) ‹ኡዪዳ›፣ ያለ ‹ን›። የፊደለኛዋ ‹ን› በመደበኛው ኡዝቤክኛ የለችም። የአናባቢ መስማማትም መደበኛው ቋንቋ ጥሎታል፣ ስለዚህ ‹ዳ› ሁልጊዜ ‹ዳ›፣ ‹ዳን› ሁልጊዜ ‹ዳን›፣ ተሳቢው ሁልጊዜ ‹ኒ›። ካዛክኛ ግን እንደ ቱርክኛ ‹ን›ን ይዟታል፦ ‹ኡ°ዪንዴ›። አዘርባጃንኛ ደግሞ በአናባቢ ከሚያልቅ ቃል በኋላ ተሳቢውን በ‹ን› ይሠራል፦ ቱርክኛ ‹ካፕእይእ› የሚለውን ‹ጋፕእንእ› ይላል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት እነዚህን ነው።

ሳድስ
ልሞክር፣ አርሙኝ። ‹በጠረጴዛው ሥር ያለውን የወንድሜን መጽሐፍ አየሁ›፦ ማሳንእን አልትእዳኪ ካርዴሽሚን ኪታብእ ጎ°ርዱ°ም።

ፊደለኛ
በጣም ተቃርበሻል፣ ሦስት ቦታ ብቻ። ‹ሥር› (አልት) የጠረጴዛው ስለሆነ ‹አልትእ› ብለሻል፣ ትክክል ነው፤ ‹ዳ› ሲከተለው ግን ‹ን› ትገባለች፦ አልትእንዳኪ። ‹ወንድሜ› ‹ካርዴሺም› ነው፣ ‹ሚን› ላይ አንዲት ‹ኢ› ቀርታለች፦ ካርዴሺሚን። ‹ኪታብእ› ደግሞ ‹የእሱ መጽሐፍ› የሚለውን ብቻ ነው የያዘው፤ ተሳቢውን ጨምሪ፣ ከባለቤትነት በኋላ ስለሆነ ከ‹ን› ጋር፦ ኪታብእንእ። እንግዲህ፦ ማሳንእን አልትእንዳኪ ካርዴሺሚን ኪታብእንእ ጎ°ርዱ°ም። አሁን ይህ ሰልፍ ጠረጴዛው ሥር ያለው ወንድምሽ እንደሆነ ሊያስመስል ስለሚችል ቱርክ ‹ካርዴሺሚን›ን ወደ ፊት ያመጣዋል፦ ካርዴሺሚን ማሳንእን አልትእንዳኪ ኪታብእንእ ጎ°ርዱ°ም።